ደረቴ ላይ የተጻፈው ምርቃት

ክቡር መምህር ሌይ ሙሻን፣ ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሪት ኒዬ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥዕል ቤቱ ባልደረቦቼ፤

በቅድሚያ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ተሰናባች የሚሸኘው በጂያኦዚ ነው ብላችሁ ከጠዋት ጀምሮ ሊጥ ስትዳምጡ፣ ሥጋና ጎመን ስትጠቀልሉ አይቻለሁ። ግማሹ አፉ በደንብ ስላልተገጠመ ድስት ውስጥ ፈንድቶ ሆድ ዕቃውን ዘርግፏል። ግድ የለም፣ እናንተ ሰዓሊዎች ናችሁ። ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ሣጥኑን ስከፍት የግድግዳ ሰዓት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። በእኛ ቋንቋ «ሰዓት መስጠት» ከ«ቀብር መሸኘት» ጋር ድምፁ አንድ ነውና፣ ሰዓት ብትሰጡኝ ኖሮ የምትሸኙኝ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ መቃብሬ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ሻርፕ ሆኖ አገኘሁት። ተመስገን ነው።

ወይዘሪት ኒዬ ባለፈው ሳምንት «እትዬ ፓንግ፣ ንግግሩን እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎ ቆመው ፈገግ ማለት ብቻ ነው» ብላኝ ነበር። አመሰግናለሁ ልጄ። ግን ይህን ወረቀት እዩልኝ። ስድስት ገጽ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ የተጻፈው በእኔ በፓንግ ሹሊያን እጅ ነው። በስድሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ባለፈው ወር ከአሥራ አራት ተማሪዎች አንደኛ ወጥቼ ተመርቄያለሁ። ከአሥራ አራቱ አምስቱ የሚመጡት ክፍሉ ስለሚሞቅ እንቅልፍ ለመተኛት ነው የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ቢሆንም አንደኛ ያው አንደኛ ነው።

እዚህ ቤት የገባሁት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ ዛሬ የሰዓሊ መንደር በሚባለው በሶንግዥዋንግ ውስጥ ከሰዓሊ ይልቅ ዶሮ ይበዛ ነበር። የተቀጠርኩት ለመጥረግ ነበር። ሸራ የሚወጥረውና ከሥዕሉ በፊት ነጩን መደብ የሚቀባው ሰውዬ አንድ ቀን ተጣልቶ ሲሄድ መምህር ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔም መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ «እስቲ ልሞክረው» አልኩ። ሳቁብኝ። አባቴ የሬሳ ሣጥን ቀቢ እንደነበር አያውቁም። አባቴ «ሰባት ጊዜ ያልተቀባ ሣጥን ውስጥ የተኛ ሰው ይበርደዋል» ይል ነበር። እኔም ለሸራው ሙጫና የጠመኔ ዱቄት በጥብጬ ሰባት ጊዜ ቀባሁት። በየመሃሉ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። በአሥረኛው ቀን መምህር መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ «ይሄ ሸራ ነው ወይስ እንቁላል?» አሉኝ።

በዚያ እንቁላል ላይ የተሣሉትን ሰዎች ዓለም ያውቃቸዋል። ቆዳቸው እንደ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ያበራል። ዓይናቸው ጨፍኗል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ጥርሳቸው ሁሉ እኩል ነው። አንዷ ሙሽራ በቬሎ ፈንታ አዲስ ማቀዝቀዣ በሚታሸግበት ላስቲክ ተጠቅልላለች። አንድ ቤተሰብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ባዶ ካርቶን በማንኪያ ይበላል። ተቺዎች ያንን ልስላሴ «የሌይ ነጭ» ብለው ሰየሙት፤ ስለ እሱ ሁለት መጽሐፍ ተጽፏል፣ ሦስተኛውም እየመጣ ነው ይባላል። ለመሆኑ የሌይ ነጭ ማነው? ፊታችሁ ቆሟል። የሁለተኛው መጽሐፍ የምዕራፍ ዘጠኝ ጸሐፊ ስለ ሙጫው ቢጠይቀኝ ኖሮ ሃያ ገጽ እቆጥብለት ነበር።

መኩራራት እንደምወድ ታውቃላችሁ። ግን የዛሬው ጉራ ብቻ አይደለም። ሥዕሎቹ ይገቡኝ ነበር ማለቴ ነው።

ገና በመጀመሪያው ዓመት «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ጥላቸው የት ሄደ?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«ሱፐርማርኬት ውስጥ ጥላሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

እሑድ ዕለት ሄጄ በሩዝና በሳሙናው መሃል ቆምኩ። መብራቱ ከላይም ከጎንም ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ወለሉን አየሁ። እውነትም ጥላ የለኝም። ሰዎች በጋሪያቸው እየገፉኝ ሲያልፉ እኔ እግሬ ሥር ጥላዬን ስፈልግ ነበር። የዚያን ቀን «ይሄ ሰውዬ እኛ የማናየውን ያያል፤ አይቶም አይዋሽም» አልኩ። ሰው የሚታመነው እንዲህ ነው። በአንድ ነገር እውነቱን ይነግርሃል፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ሳታይ ትቀበለዋለህ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መምህር «ሹሊያን፣ ልሥልሽ» አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ በሽርጤ እንዳለሁ ቆምኩላቸው። ገላዬ ላይ የሚያሳክክ ቦታ ሁሉ ያኔ ነው የተፈጠረው። ሥዕሉ ሲያልቅ ቁመቱ ከእኔ እጥፍ ሆነ። እኔ ነኝ፣ አፍንጫዬም ሳይቀር። አንድ ትልቅ ጀሪካን አቅፌያለሁ፤ እኔና ጀሪካኑ በሚያብረቀርቅ ፕላስተር ሦስት ዙር አንድ ላይ ታስረናል። ደረቴ ላይ በቀይ ሁለት ትልልቅ ፊደሎች አሉ።

«መምህር፣ ደረቴ ላይ ምን ይላል?»

«ባለሙያ ይላል።»

«ፕላስተሩስ?»

«ሥራሽና አንቺ አትለያዩም ለማለት ነው።»

ጀሪካኑ የሙጫዬ ጀሪካን መሰለኝ። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል? ፊደሎቹን የጻፈው የመምህር ረዳት ሰዓሊ ቼ ቦ ስለሆነ እሱንም ጠየቅኩት። ቼ ያኔ ከትምህርት ቤት ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ምሳውን ከእኔ ሳህን ይበላ ነበር። «ባለሙያ ነው አክስቴ» አለኝ። ሁለት ምስክር አገኘሁ ማለት ነው። ፍርድ ቤትም ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

ሥዕሉ በሦስተኛው ወር ተጭኖ ወደ ውጭ አገር ሄደ። እኔ ግን ሁለቱን ፊደሎች በከሰል ወረቀት ላይ ገልብጬ አስቀርቻቸው ነበር። አባቴ ሬሳ ሣጥን ቀባ፣ እናቴ የሰው እርሻ አረመች፤ ከቤታችን «ባለሙያ» ተብሎ የተጻፈለት የለም። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ለአዲስ ዓመት እኛ አገር ሴቶች ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ጨርቅ ጠልፈው ለዘመድ ይሰጡ የለ? እኔም በየዓመቱ በቀይ ክር ሁለቱን ፊደሎች በየንጣፉ ላይ ጠለፍኩ። ለእህቴ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለሩዝ ሻጩ፣ ለእናንተም ለሁላችሁ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ያልደረሰው አለ? እግራችሁን ወንበር ሥር አትክተቱ፤ ዛሬ ጫማ አላስወልቅም።

ሰዉ ንጣፉን ይቀበላል፣ ያነባል፣ ከዚያ በሳቅ ይፈነዳል። «አይ እትዬ ፓንግ፣ ጨዋታሽ አያልቅ» ይለኛል። እህቴማ እንባዋን ጠርጋ «አንቺ መቼም አታረጅም» አለችኝ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በባለሙያነቴ ደስ ብሏቸው ነው እላለሁ። ቀልደኛ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሰው ሲስቅ ምክንያቱን አይጠይቅም።

እነሱ ግን ምን እንደመሰለኝ አያውቁም ነበር። እናንተ ታውቁ ነበር። እዚሁ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ «መምህር ባለሙያ ብለው ጽፈውልኛል» ስል የሰማችሁኝ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ማታ ትምህርቱ ልውሰዳችሁ። ባለፈው መስከረም የመጀመሪያ ቀን ነው። አስተማሪያችን ቹ የልጅ ልጄ ብትሆን የማላፍርባት ልጅ ናት። «ከዚህ በፊት ፊደል የሚያውቅ አለ?» አለች። እጄ ከሁሉ በፊት ወጣ።

«ስንት ያውቃሉ እማማ?»

«ሁለት። ግን ሁለቱም ስለ እኔ ናቸው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ወደ ሰሌዳው ወጥቼ በትልቁ ጻፍኳቸውና አንገቴን ቀና አድርጌ «ባለሙያ» ብዬ አነበብኩ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች አጨበጨቡልኝ፤ እነሱም እንደኔ ማንበብ አይችሉም። ቹ ግን ጠመኔዋን በጣቶቿ አገላበጠች።

«እማማ፣ ይሄን የት አዩት?»

«ደረቴ ላይ።»

ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሰዉ ሲወጣ ግን «እማማ ፓንግ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይሄ ባለሙያ አይልም» አለችኝ።

«ምን ይላል ታዲያ?»

«እዩት። ይሄ በግራ በኩል ያለው ዛጎል ነው። ድሮ ሰው በዛጎል ይገበያይ ስለነበር፣ ዛጎል ያለበት ፊደል ወሬው የገበያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሦስት አፍ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ሦስት አፍ ሲደራረብ ዕቃ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ምርቃት ይላሉ።»

ልቤ መለስ አለ። «ምርቃት? ታዲያ ምርቃት ከባለሙያ ይበልጣል እንጂ ያንሳል እንዴ? ሽማግሌ የሚመርቀው ነው አይደል?»

«የዚያን አይደለም እማማ። ዘይት ሲገዙ በፕላስተር ታስሮ የሚሰጥዎት ሳህን አለ አይደል? የእሱ ምርቃት ነው።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ለካ ያ ጀሪካን የሙጫ ሳይሆን የዘይት ኖሯል፤ እኔም ከማታ ትምህርት ከመመረቄ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዘይት ላይ ተመርቄ ኖሯል።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለዶንግ ነገርኩት። ዶንግ ከቁጥር በስተቀር ምንም አያነብም። ወረቀቱን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ተነስቶ ሾርባ የምንበላበትን ሳህን ከመደርደሪያው አመጣና ገለበጠው። ቂጡ ላይ ሁለቱ ፊደሎች አሉ።

«ታዲያ ሳህኑም ባለሙያ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በቀልድ ሳልስቅ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

አስተማሪዬ ቹን አስቡልኝ። ያቺ ልጅ ካወቀችኝ አርባ ደቂቃ ነበር። ፊቴ ሲለዋወጥ እያየች፣ እየከበዳት፣ እውነቱን ነገረችኝ። እናንተ አሥራ አንድ ዓመት ነበራችሁ። አሥራ አንድ የአዲስ ዓመት በዓል፣ ሦስት ሺህ ምሳ። ከዚያ ሁሉ ምሳ ውስጥ አንዱ አይበቃም ነበር?

በማግሥቱ ወደ ቼ ሄድኩ። ሸራ ላይ የአንዲት ሴትዮ የእግር ጥፍር እየሣለ ነበር።

«ቼ፣ ደረቴ ላይ ምን ነበር የጻፍከው?»

ብሩሹ ቆመ። «የተባልኩትን ነው የጻፍኩት አክስቴ።»

«ስጠይቅህ ምን አልከኝ?»

«ባለሙያ።»

«ለምን?»

«መምህር ቀድመው ነግረውሽ ነበር። ደስ ብሎሻል። ደስታሽን ማበላሸት ከበደኝ።»

«ለስንት ጊዜ ልትደብቀኝ ነበር?»

«ለአንድ ቀን ነበር ያሰብኩት» አለኝ። «ከዚያ ንጣፉን ጠልፈሽ አመጣሽልኝ። ከዚያ በኋላ በምን አፍ ይነገራል?»

ቼ፣ እዚያ ጥግ እንዳቀረቀርክ አይሃለሁ። አልዋሽህም፣ ከሁሉም በላይ የቆረጠኝ ያንተ ነው። መምህር ትልቅ ሰው ናቸው፤ ትልቅ ሰው አንዳንዴ ወደ ታች አያይም። አንተ ግን ጎኔ ነበርክ። የእኔን ሩዝ እየበላህ የእኔን ሞኝነት አብረህ ጎረስክ።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ ጡረታ ወጥቼ ልሄድ አስቤ ነበር። በእውነቱ ይህ ንግግር ስለ ሙጫ ብቻ ሊሆን ነበር። ሌላውን ምን አመጣው ካላችሁ፣ አንድ የፈቃድ ወረቀት አመጣው።

ያ ሥዕል ባለፈው ወር ወደዚህ ተመልሷል። አዲሱ የገበያ ማዕከል በሚከፈትበት ቀን መግቢያው ላይ ይሰቀላል፤ ብሎም በገበያተኛው ከረጢት ሁሉ ላይ ይታተማል ተባለ። ስሰማ ራሴን ያዝኩ። መምህር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራን በማቀዝቀዣ ላስቲክ ሲጠቀልሉ፣ እኛ ነጩን ስናሽልዎት፣ ተቺው ሁሉ «ገበያውን የሚገሥጽ ብሩሽ» ሲልዎት፣ መጨረሻችን የገበያው ከረጢት ሆነ? ይሁን። የእርስዎ ሥዕል ነው። ፊቱ ግን የእኔ ስለሆነ የእኔ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ወይዘሪት ኒዬ ወረቀቱንና ቀዩን የአሻራ ቀለም ይዛ መጣች። «እትዬ ፓንግ፣ እንደተለመደው አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ።»

«ቆይ ልጄ፣ ላንብበው።»

«ረጅም ነው እኮ፣ ይሰለችዎታል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ሲደርቅ ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው ነኝ። አይሰለቸኝም።»

የምሳ ሰዓቴን በሙሉ ፈጀብኝ። የማላውቃቸው አሥራ ዘጠኝ ፊደሎች ነበሩ፤ እነሱን ለቹ ልኬ ጠየቅኳት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን የማላውቀው አንድም ፊደል አልነበረም። እንዲህ ይላል፦ «የሥዕሉ ትርጉም አስቀድሞ በሚገባ ተነግሮኝ፣ ተረድቼና ወድጄ ለሥዕል የቆምኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ።»

አስቀድሞ። በሚገባ። ተነግሮኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህር ገባሁ። ሻይ እየጠጡ ነበር። ከእኔ ጋር የተነጋገሩትን በሰው ፊት መናገሬን ይቅር ይበሉኝ መምህር። ደረቴ ላይ የጻፉትን ግን የሦስት አገር ሰው አንብቦታል።

«ሹሊያን፣ ሥዕሉ ስለ አንቺ አይደለም» አሉኝ። «ገበያው ሰውን ምን እንደሚያደርገው ነው የሚናገረው። ሠራተኛ ሰው ከዕቃ ጋር ታስሮ በነጻ ይሰጣል። አንቺን መስደቤ አይደለም፣ ለአንቺ መጮኼ ነው።»

«ገብቶኛል መምህር። ጥሩ ሥዕል ነው። እውነት ነው የሚናገረው። ታዲያ ለእኔ ሲጮሁ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

ሻዩን አስቀመጡ። «ያኔ ብነግርሽ ትቆሚልኝ ነበር?»

«እቆም ነበር።»

ሻያቸውን መልሰው አነሱ። ወለሉን አየሁ፤ ራሴ ነበርኩ የጠረግኩት።

እቆም ነበር፣ ክቡራትና ክቡራን። ይህን ነው ማንም ያልጠየቀኝ። «ሹሊያን፣ በደረትሽ ላይ ምርቃት ብዬ ልጻፍ፤ ሰው አይቶ እንዲያፍር» ቢሉኝ ዘጠኝ ቀን ሳይሆን ዘጠኝ ወር እቆምላቸው ነበር። ሱፐርማርኬት ሄጄ ጥላዬን የፈለግኩ ሴት ነኝ እኮ። የተሰረቀብኝ ክብር አይደለም፤ ክብር ዛሬ ይወድቃል ነገ ይነሳል። የተሰረቀብኝ ያ «እሺ» ነው። አውቄ እሺ ብል ኖሮ ያ ሥዕል የሁለታችን ይሆን ነበር። አሁን የእርስዎ ብቻ ነው፤ እኔ ከእሱ ጋር በፕላስተር የታሰርኩ ዕቃ ነኝ። ሳህኑን ከዘይቱ ጋር ያሰረው ገበያው ነው መምህር። እኔን ያሰሩኝ ግን እርስዎ ነዎት፣ በሚያምኑት እጄ በቀባሁት ነጭ ላይ።

እርስዎም ደግሞ «ከረጢቱ ራሱ ቀልድ ነው፤ ገበያውን በገዛ ቤቱ መሳለቅ ነው» ብለውኝ ነበር። ሊሆን ይችላል። ግን ገበያው ቀልዱ ገብቶታል፣ ተቺው ገብቶታል፣ ቼ ገብቶታል፣ ገዢውም አንብቦ ይገባዋል። አንድ ቀልድ ለሁሉ ገብቶ ለአንድ ሰው ብቻ ካልገባ የሚሳቀው በማን ነው? እኔ የዕድሜ ልክ ቀልደኛ ነኝ፤ ይህን ሒሳብ ማንም አያስተምረኝም።

አሁን ወረቀቱ ይኸው። ወይዘሪት ኒዬ፣ ለዛሬ ይድረስ ብለሽኛልና ደርሷል። አሻራዬን አልሰጠሁም። ከሦስተኛው አንቀጽ ሥር በራሴ እጅ «አልተነገረኝም» ብዬ ጽፌ ስሜን አኑሬያለሁ፤ ፓንግ ሹሊያን፣ በእኛ ጽሕፈት ሦስት ፊደል፣ ማንም እጄን ሳይዘኝ። ከዚያም ከታች «ከረጢት ላይ እንዲታተም አልፈቀድኩም» የሚል አለ። «አልፈቀድኩም» የሚለው ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል፤ ግን ይነበባል። እንዲነበብ ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት።

ሥዕሉ ይሰቀል፤ ያንን አልከለክልም። ሰው ፊቱ ቆሞ የሚያየው ሥዕል አንድ ነገር ነው፤ ጎመን ተጨምሮበት ቤት ደርሶ ቆሻሻ ቅርጫት የሚገባ ከረጢት ሌላ ነገር ነው። የገበያ ማዕከሉ ሰዎች እንደሚቆጡ አውቃለሁ። መምህርም ፊታቸው ቀልቷል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ቀለም ፊታቸው ላይ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይቅርታ እንድጠይቅበት አትጠብቁኝ። ይቅርታ እንድትጠይቁኝም አልመጣሁም፤ ዛሬ ብትጠይቁኝ ግብዣው ያስጠየቃችሁ እንዳይመስለኝ እፈራለሁ። ሌላ ቀን ቤቴ ኑ። ቼ፣ አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ።

ቂም ይዤም የነጩን ሙያ ደብቄ አልሄድም። የሙጫው ልክ፣ የጠመኔው ልክ፣ በዝናብ ወር ስንት ቀን ማድረቅ እንደሚገባ፣ ሁሉንም በአራት ገጽ ጽፌ ለተተኪዬ ለእትዬ ሉ ትቻለሁ። እትዬ ሉ፣ እስቲ ተነሽ ይዩሽ። ይህች ሴት ከጋንሱ የመጣችው የዛሬ ሳምንት ነው። ክንዷን እዩት፤ ለማሸት የተፈጠረ ክንድ ነው፤ ከእኔ ግን አይበልጥም። እትዬ ሉ ፊደል አታነብም። ስለዚህ አራቱን ገጽ ሦስት ቀን አነበብኩላት፤ የጻፍኩትን እንደጻፍኩት። ትናንት መጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ቆማ «እትዬ ፓንግ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። «ተበላሽቷል ይላል» አልኳት። እውነቱ ያ ነው፤ ቢያሳዝንም።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበሉ።

ወይዘሪት ኒዬ፣ የሚወድሽ፣ ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ይስጥሽ፤ ያንን ሁሉ ስልክ የሚያነሳልሽ ረዳትም ይጨመርልሽ። ቼ ቦ፣ በራስህ ስም የሚሰቀል ሥዕል ይኑርህ፤ ስትሥለው ለምትሥለው ሰው የምትደብቀው ነገር አይኑር። መምህር ሌይ፣ እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንዎ አይድከም፤ እኛ የማናየውን ማየትዎን አይተዉ፤ ያዩትንም አጠገብዎ ለቆመው ሰው የሚነግሩበት አንደበት ይስጥዎ። ለሁላችሁም ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ወላጆቻችሁ ይቆዩላችሁ፣ ክረምቱ ይቅለላችሁ።

እትዬ ሉ አንድ ቀን ጣቷን ወደ አንድ ጽሑፍ ትቀስርና «ይሄ ምን ይላል?» ትላችኋለች። የዚያን ቀን፣ ማንኛችሁም ብትሆኑ፣ ያለውን እንዳለ አንብቡላት።

ደኅና ሁኑ።